ሳያን ለምን ይዘገያል?

«አክስቴ፣ ይሄ ሰውዬ ግን ለምንድን ነው እንዲህ የሚንቀረፈፈው?»

ጠያቂዋ የወንድሜ ልጅ ናት። 11 ዓመቷ ነው። ትምህርት ስለተዘጋ እኔ ጋ ሰንብታለች። ማታ ማታ እራት በልተን ሳህኑን ካነሳን በኋላ ላፕቶፔን ከፍተን «ፋይናል ፋንታሲ 6» እንጫወታለን። ጆይስቲኩን የምትይዘው እሷ ናት። እኔ ሻይዬን ይዤ አጠገቧ እቀመጣለሁ። እንግሊዝኛው ሲከብዳት እተረጉምላታለሁ። መንገድ ሲጠፋባት ግን ዝም እላለሁ። መንገድ መፈለግ የእሷ ነው።

ሰውዬው ሳያን ነው፤ የዶማ መንግሥት ባለሰይፍ። ሌሎቹ ተራቸው ደርሶ ከታዘዙ ወዲያው ይመታሉ። ሳያን ጋ ሲደርስ ግን አንድ መስመር ብቅ ይልና ከ1 ጀምሮ መቁጠር ይጀምራል። 1 ላይ ካቆሙት አንድ ብርቱ ምት ነው። 4 ላይ ካቆሙት አራት ጊዜ ይመታል። ሙሉውን የተማረ ጊዜ እስከ 8 ይደርሳል። ችግሩ ምንድን ነው፣ መስመሩ እየሞላ ሳለ ለሌሎቹ ጓደኞቹ ምንም ማዘዝ አይቻልም። ጠላት ደግሞ ቆሞ አይጠብቅም። ሳያን ሲቆጥር እኛ እንደበደባለን።

«ታገሺው» አልኳት። ያን ሰዓት ከዚያ በላይ ማስረዳት አልቻልኩም። መልሱ ረጅም ነው። ልጅቷ ከተኛች በኋላ ስለሱ ሳስብ አመሸሁ፣ እና እዚህ ልጽፈው ብዬ ተነሳሁ።

ጌሙን የሠራው የጃፓኑ ስኩዌር ነው። የወጣው እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 2 ቀን 1994 ሱፐር ፋሚኮም ለሚባለው የኒንቴንዶ ማጫወቻ ነው። በእኛ መጋቢት 24 ቀን 1986 መሆኑ ነው። እኔም የተወለድኩት በዚያው ዓመት ነው። አሜሪካ በዚያው ዓመት ኦክቶበር ሲደርስ ስሙ «ፋይናል ፋንታሲ 3» ተባለ፤ ከበፊቶቹ ጥቂቶቹ እዚያ ስላልተሸጡ ቁጥሩ ተዛባ። እኔ ያገኘሁት ይህንን የአሜሪካ ቅጂ ነው። ከወንድሜ ልጅ ጋር የምንጫወተውም እሱኑ ነው።

እንዴት አገኘሁት? 2000 ዓ.ም. ነበር፣ የሚሊኒየሙ ዓመት። የአክስቴ ልጅ ዩኒቨርሲቲ ሲገባ አሮጌ ኮምፒውተሩን እኛ ቤት አስቀመጠው። ወንድሜ ከሰፈሩ ልጆች ጋር ጌም ቤት እየሄደ ኳስ ይጫወታል፤ ተራ ይይዛል፣ ይከፍላል፣ ተሸንፎ ይመጣል። እኔ ደግሞ ከሰዓት በኋላ ቤት ውስጥ ብቻዬን ኮምፒውተሩ ውስጥ ያለውን ፎልደር ሁሉ እከፍታለሁ። አንዱ ፎልደር ውስጥ ይህ ነበር። ስከፍተው በረዶ ላይ ሦስት ግዙፍ ማሽኖች ቀስ እያሉ ይሄዳሉ። ሙዚቃው ያሳዝናል። ሌላ ጌም ሲጀመር እንዲህ አሳዝኖኝ አያውቅም ነበር። በዚያው ቀረሁ።

መዝገበ ቃላት ጭኔ ላይ አድርጌ ነው የተጫወትኩት። የእንግሊዝኛ ትርጉሙን የሠራው ቴድ ዉልሲ ነው። ያን ሁሉ ጽሑፍ ለመተርጎም 30 ቀን ገደማ ነበር የተሰጠው። ይህን ካወቅኩ በኋላ ለሰውየው ያለኝ አክብሮት ጨምሯል፤ የእኔ እንግሊዝኛ ግማሹ የእሱ ነው። ሴቭ ማድረጊያ ቦታ ሳልደርስ መብራት ሲጠፋ ደግሞ የሁለት ሰዓት ድካሜን ውሃ ይበላው ነበር። እንደገና እጀምራለሁ። ንግግሩን በቃሌ የያዝኩት በዚህ ምክንያት ነው።

አሁን ወደ ሳያን ልመለስ። ግን እሱን ለማስረዳት መጀመሪያ ሌሎቹን ማሳየት አለብኝ።

በዚህ ጌም ውስጥ ልንይዛቸው የምንችላቸው ሰዎች 14 ናቸው። እያንዳንዳቸው ሌላው የሌለው አንድ ትእዛዝ አላቸው። ብዙ ጌሞች ውስጥ ይህ የሙያ ጉዳይ ነው፤ አንዱ ሐኪም፣ አንዱ ወታደር። እዚህ ግን ትእዛዙ የሰውየው ጠባይ ነው። ታሪኩን ሳታነቡ ትእዛዙን ብቻ ብታዩ ሰውየው ምን ዓይነት እንደሆነ ታውቃላችሁ።

ኤድጋርን እንውሰድ። የፊጋሮ ንጉሥ ነው። ትእዛዙ «መሣሪያዎች» ይላል። በአንዴ ብዙ የሚተኩስ ቀስት አለው፣ ድሪል አለው፣ የሰንሰለት መጋዝ አለው። ልምምድ የለም፣ መቁጠር የለም፤ አብዛኛውን ከሱቅ ይገዛዋል። ማሽን የሚወድና ገንዘብ ያለው ሰው ነው።

መንትያ ወንድሙ ሴቢን ቤተ መንግሥቱን ትቶ ተራራ ላይ ቡጢ ሲማር የኖረ ነው። የእሱ ትእዛዝ ሲከፈት ስክሪኑ ላይ ምንም ዝርዝር አይመጣም። የአቅጣጫ ቀስቶቹን ራሳችሁ ትጫናላችሁ። ግራ፣ ቀኝ፣ ግራ፤ ከዚያ ማረጋገጫውን። ከተሳሳታችሁ ሴቢን ተራውን ያባክናል። ወደ ታች፣ ወደ ታች-ግራ፣ ወደ ግራ ካላችሁ ደግሞ ከእጁ ብርሃን ይወጣል። ሰውየው ሰውነቱን ያሠለጠነ ስለሆነ የተጫዋቹም ጣት መሠልጠን አለበት። እኔ በኪቦርድ ስለነበርኩ ሁለት ቀስት አንድ ላይ መጫን መከራዬን አሳይቶኛል። የሂሳብ ደብተሬ የመጨረሻ ገጽ በቀስት ምልክት ሞልቶ ነበር።

የሴቢን የመጀመሪያ ጦርነት ላይ ጌሙ ይህን እንዴት እንደሚያስተምር ተመልከቱ። ቫርጋስ የሚባለው የመምህሩ ልጅ ነው። አባቴ ወራሽ የሚያደርገው ሴቢንን ነው ብሎ ቂም ይዟል። ጌሙ ሁለቱን ብቻ ለብቻ ያፋጥጣቸዋል። ቫርጋስ ሴቢንን መትቶ የሞት ሰዓት ያስቆጥርበታል። ሰዓቱ ሳያልቅ ግራ፣ ቀኝ፣ ግራ ካላላችሁ ሴቢን ይሞታል። ተራ ቡጢ አያድነውም። ተምረኸው ከሆነ አሳየኝ ነው ነገሩ። የወንድሜ ልጅ በ3ኛው ሙከራዋ አሳየችው፤ ከዚያ ተነስታ ቤቱን ዞረች።

የሁለቱ ወንድማማቾች ታሪክ እዚህ ላይ አያበቃም። አባታቸው ሲሞት ዙፋኑን ማን ይውሰድ የሚለውን በሳንቲም ለመወሰን ተስማሙ፤ ዘውድ ወይስ ጎፈር። ያሸነፈ የፈለገውን መንገድ ይመርጣል። ሴቢን አሸነፈ፣ ነፃነቱን መረጠ፣ ሄደ። ከብዙ ሰዓት ጨዋታ በኋላ ከ14ቱ አንዷ የሆነችው ሴሊስ ያቺኑ ሳንቲም ይዛ ሴትዘር ከሚባለው ቁማርተኛ ጋር ትወራረዳለች፣ ታሸንፈዋለች። ሴትዘር ሳንቲሟን አገላብጦ ሲያያት ሁለቱም ጎኗ አንድ ነው። ሴቢን አጠገባቸው ቆሞ ከሆነ ያን ጊዜ ይገባዋል። ወንድሙ ያን ሌሊት ሳንቲሙን የወረወረው እንዲሸነፍ አስቦ ነው። እኔ ሲገባኝ ከወንበሬ ተነስቼ ወንድሜን ልፈልገው ወጣሁ። ጌም ቤት ነበር። ምንም አልነገርኩትም፣ ዝም ብዬ ሲጫወት አየሁት።

ጋው የሚባል ልጅ አለ። በአውሬዎች መካከል ያደገ። አባቱ ሲወለድ ጭራቅ መስሎት ጣለው። የጋውን ዝርዝር ስትከፍቱ «ምታ» የሚለው የለም። ሁሉም ሰው ያለው ተራ ትእዛዝ እሱ የለውም፤ እንደ ሰው መዋጋት ማንም አላስተማረውማ። ያለው የአውሬዎቹን ጠባይ መልበስ ነው። አንዴ ከለበሰ ደግሞ ጦርነቱ እስኪያልቅ መመለስ አይቻልም፤ የሚያደርገውን እናንተ አትመርጡለትም። ቬልት በሚባለው ሜዳ ላይ ደረቅ ሥጋ ሲሰጡት ነው የሚከተለው። ይህን ሁሉ በወረቀት ላይ ያሰበ ሰው ልጁን ይወደው እንደነበር እርግጠኛ ነኝ።

አሳቢው ማን እንደሆነም ይታወቃል። ጋውንና ሴሊስን ያመጣው ዮሺኖሪ ኪታሴ ነው፤ ከሂሮዩኪ ኢቶ ጋር ጌሙን የመራው። ቴራንና ሎክን ሂሮኖቡ ሳካጉቺ፣ ሻዶውንና ሴትዘርን ቴትሱያ ኖሙራ፣ የፊጋሮ ወንድማማቾችን ካኦሪ ታናካ አሰበቻቸው። ሁሉም የየራሱን ሰው ይዞ መጣ። ለዚህ ነው ጌሙ አንድ ዋና ገጸ ባሕርይ የሌለው። ኖቡዎ ኡኤማትሱም ለየሰዉ የየራሱን ዜማ ሠራ። የሴሊስ ዜማ ኦፔራ ቤት ውስጥ የምትዘፍነው ራሱ ነው። እዚያ ስንኙን ካልያዛችሁ መድረክ ላይ ትቆማለች፣ ከመጀመሪያ ይጀመራል። የወንድሜ ልጅ ስንኙን እጇ ላይ በእስክሪብቶ ጽፋ ነው ያለፈችው።

ሴሊስ በጣም የምወዳት ናት። የግዛቱ፣ ማለትም የምንዋጋው የጠላት መንግሥት፣ ጄኔራል ነበረች። በልጅነቷ አስማት በላቦራቶሪ ጨምረውባታል፤ መሣሪያ አድርገው ነው ያሳደጓት። ትእዛዟ ምን መሰላችሁ? ሰይፏን ከፍ አድርጋ ትቆማለች። ቀጥሎ የሚወረወረው አስማት፣ ጠላት ይወርውረው ወዳጅ፣ በሰይፏ ውስጥ ይገባል። ያን ተራ ማንንም አትመታም። ለጓደኞቿ መብረቅ ማርከሻ ሆና ትቆማለች። መሣሪያ አድርገው የሠሯት ሴት የራሷ የሆነው ትእዛዝ መሣሪያን ማክሸፍ ነው። 14 ዓመቴ ላይ ይህ አልገባኝም። ተራ የምታባክን ይመስለኝ ነበር።

ቴራ ደግሞ በጃፓንኛው ቲና ናት። ቲና ለጃፓን ጆሮ እንግዳና ውብ ስም ነው፤ ለአሜሪካ ጆሮ ግን የጎረቤት ልጅ ስም ስለሆነ ቀየሩት። እናቷ ሰው፣ አባቷ ኤስፐር ነው፤ ኤስፐሮች አስማት ከነሱ የሚመነጭ ፍጡራን ናቸው። ማን እንደሆነች እስክታውቅ ድረስ ልዩ ትእዛዟ አይመጣም። ዞዞ ከተማ ደርሰን፣ አባቷን አውቃ፣ ከዚያ በኋላ ነው ወደ ኤስፐርነት መለወጥ የምትችለው። የራሷን ታሪክ ሳታውቅ ኃይሏን መጠቀም አትችልም።

ኡማሮ በረዶ ላይ የሚኖር ጎሪላ መሳይ ነው፤ እሱ አይታዘዝም፣ በቃ።

እንግዲህ ሳያን።

ሳያንን የምናገኘው ዶማ ስትከበብ ነው። የግዛቱ ሹም ኬፍካ ከተማዋን በጦር መያዝ ሲሰለቸው ወንዙን መረዘው። ሳያን ሰዎች ሲወድቁ ያያል። ወደ ውስጥ ይሮጣል። ንጉሡ ፊቱ ይሞታሉ። ከዚያ ወደ ቤቱ ይሮጣል፤ ሚስቱ ኢሌንና ልጁ ኦወን ሞተዋል። ይህን ሁሉ የምናየው በጣት በሚያህሉ ትንንሽ ምስሎች ነው። ጭንቅላታቸውን ከመነቅነቅና እጃቸውን ከማንሳት በላይ ብዙ አይችሉም። ግን ይበቃል።

ከዚያ ሳያን ብቻውን የግዛቱን ሰፈር ሊወጋ ይሄዳል። ሴቢን ይደርስለታል። ሲያመልጡ የግዛቱን ማሽን ነድተው ነው። ሳያን ማሽን ይፈራል፤ እንዴት እንደሚንቀሳቀስ እንኳን አያውቅም፣ ሴቢን ነው የሚያሳየው። ቀጥሎ ጫካ ውስጥ ባቡር ያገኛሉ። ይሳፈራሉ። ባቡሩ ሙታንን ወደ ሌላው ዓለም የሚወስድ ነው። ታግለው ይወርዳሉ። (ሴቢን ባቡሩን አንስቶ ሊፈነግለው ይችላል። ወይም ባቡሩ የሙታን ወገን ስለሆነ የወደቀን የሚያስነሳውን የፊኒክስ ላባ ብትጥሉበት በአንዴ ያልቃል። የወንድሜ ልጅ መፈንገሉን መረጠች፣ ማንም ይመርጣል።) ከወረዱ በኋላ መድረኩ ላይ የሚሳፈሩ ሙታን ይታያሉ። ከነሱ መካከል አንዲት ሴትና አንድ ልጅ አሉ። ሳያን ይሮጣል። ባቡሩ ተነስቷል። መድረኩ እስኪያልቅ ድረስ ይከተለዋል።

የወንድሜ ልጅ ጆይስቲኩን ጭኗ ላይ አስቀመጠች። ለረጅም ሰዓት ምንም አልጫነችም። ጌሙም ምንም አላስቸኮላትም።

ታዲያ ይህ ሰው ቢዘገይ ምን ይገርማል? ሰይፉን ከመምዘዙ በፊት ይቆጥራል። ጓደኞቹ ሁሉ ቆመው ይጠብቁታል። ኢቶ ያመጣው የውጊያ ሥርዓት ዋናው ነገሩ ጊዜ ነው። ከ«ፋይናል ፋንታሲ 4» ጀምሮ፣ ከ1991 እ.ኤ.አ. ወዲህ፣ ተራ በተራ መቀመጥ ቀርቶ የየሰዉ ሰዓት እየሮጠ ይሞላል፤ ጠላትም አይቆምም። በዚህ ሁሉ ሩጫ መካከል ጊዜውን የሚያቆየው አንድ ሰው ተቀመጠ፤ ቤተሰቡን በአንድ ቀን ያጣው ሰው። አጋጣሚ ነው ትሉኝ ይሆናል። እኔ አጋጣሚ አይመስለኝም።

ማስረጃዬን ልስጣችሁ። ጌሙ መካከል ላይ ዓለም ትፈርሳለች። ኬፍካ ያፈርሳታል፤ ማንም አያቆመውም። ዓመት ያልፋል። ያን ጊዜ ሳያንን የምናገኘው ዞዞ ተራራ ላይ ዋሻ ውስጥ ነው። የጨርቅ አበባ ይሠራል፣ ደብዳቤ ይጽፋል። ማራንዳ ከተማ ውስጥ ሎላ የምትባል ልጅ አለች። ፍቅረኛዋ ወታደር ነበር፣ ሞቷል። እሷ አላወቀችም። ሳያን በሟቹ ስም ይጽፍላታል። በመጨረሻ ግን እውነቱን ጽፎ ይልክላታል። እሷንም ራሱንም ሲያታልል እንደኖረ ያውቃል። ዋሻው ውስጥ የተቆለፈ ሳጥን አለው፤ ቁልፉን ፈልጋችሁ ብትከፍቱት ስለ ማሽን የሚያስተምር መጽሐፍ ታገኛላችሁ። ማሽን የሚፈራው ሰው ተደብቆ እያጠና ነበር።

ከዚያ እሱን ይዞ ወደ ባዶዋ ዶማ መሄድ ይቻላል። ማንም ሂዱ አይልም። እዚያ አልጋ ላይ ስትተኙ ሳያን አይነቃም። ወደ ሕልሙ ገብታችሁ ጸጸቱን ትዋጋላችሁ። ሚስቱና ልጁ ይታዩታል። ሲነቃ ያልተማራቸው የሰይፍ ስልቶች ሁሉ ተከፍተው ይገኛሉ፤ እስከ 8 ድረስ። ሌላ ጊዜ ስልት የሚማረው ሌቭሉ ሲጨምር ነው። እዚህ ግን ጌሙ በግልጽ ነገረን፤ ይዞት የነበረው ሐዘን ነው።

ስለዚህ ጌም አንድ ቅሬታ አለኝ፣ ትልቅ ቅሬታ። መካከል ላይ ማጂሳይት የሚባል የሞቱ ኤስፐሮች ድንጋይ ይመጣል። ድንጋዩን ያስያዛችሁት ሰው ከእያንዳንዱ ጦርነት ነጥብ ያገኛል፤ መቶ ሲሞላ አስማቱ የራሱ ይሆናል። ለምሳሌ ከአስማት ሁሉ ኃይለኛው አልቲማ፣ ራግናሮክ ከሚባለው ድንጋይ በ100 ነጥብ ይገኛል። ከ14ቱ ሰዎች 12ቱ ሁሉንም አስማት መማር ይችላሉ። ሐሳቡ መጥፎ አልነበረም፤ የወደዳችሁትን ሰው እንዳሻችሁ አሳድጉ ነው። ውጤቱ ግን ሁሉም አንድ ዓይነት ሆኑ። ሳያን አልቲማ፣ ሴቢን አልቲማ፣ ኤድጋር አልቲማ። የአስማቱን ዋጋ ወደ 1 የሚያወርድ ጌጥ ከጨመራችሁበት ደግሞ ማለቂያ የለውም። መቁጠር ቀረ፣ ቀስት መጫን ቀረ። 14 የተለያዩ ሰዎች አንድ ሰው ሆኑ። በልጅነቴ ኬፍካን ያሸነፍኩት እንዲህ ነው። አሸንፌ ደስ አላለኝም፤ ለምን እንደሆነ ግን ያኔ አላወቅኩም።

አሁን ሕግ አለኝ። አስማት የሚማሩት ታሪካቸው አስማት ያለበት ብቻ ናቸው፤ ቴራ፣ ሴሊስ፣ ሽማግሌው ስትራጎና ሬልም። ሌላው በራሱ እጅ ይዋጋ። የወንድሜ ልጅ መጀመሪያ አጉረመረመች። ከሳምንት በኋላ ግን የሴቢንን ቀስቶች ሳታይ ትጫን ጀመር።

(ጋሻ ለምትገዙ አንድ ነገር ልንገራችሁ። በ1994ቱ ቅጂ ውስጥ ምት የማምለጥ ቁጥሩ በስህተት አይሠራም። ሥራውን ሁሉ የሚሠራው አስማት የማምለጥ ቁጥሩ ነው። እኔ ለዓመታት ትልቁን የማምለጫ ቁጥር እያየሁ ዕቃ ስመርጥ ኖሬያለሁ። እ.ኤ.አ. በ2006 ለጌምቦይ አድቫንስ ሲወጣ ነው የታረመው።)

ዓለም ከፈረሰ በኋላ ያለው ክፍል ለእኔ ከጌሙ ሁሉ ይበልጣል። ሴሊስ በአንዲት ደሴት ላይ ትነቃለች። አጠገቧ ያለው ሲድ ብቻ ነው፤ እንደ አያት የምታየው ሽማግሌ። ታሟል። ዓሣ አጥምዳ ታበላዋለች። ቀስ ብለው የሚዋኙት ዓሦች የታመሙ ናቸው፤ ሽማግሌውን ይጎዱታል። የሚያድነው ፈጣኑ ዓሣ ነው። ይህን ማንም አይነግራችሁም። እኔ በልጅነቴ በቀላሉ የተያዘልኝን ወሰድኩለት። ሞተ። ሊድን እንደሚችል ያወቅኩት ከአራት ዓመት በኋላ ነው፣ ኢንተርኔት ካፌ ውስጥ ሳነብ። እዚያው ወንበሩ ላይ ዓይኔ እንባ አቀረረ። የወንድሜ ልጅ ዓሣዎቹን ቆማ ለረጅም ሰዓት አየቻቸው። «ያኛው ጤነኛ ነው» አለች። ሮጣ ያዘችው። እኔ ወደ ኩሽና ሄጄ ሻይ ጨመርኩ።

ሻዶውንም እንደዚሁ አጥቼው ነበር። ዓለም ስትፈርስ ከተንሳፋፊው ምድር ለማምለጥ ስድስት ደቂቃ ይሰጣል። ጫፍ ላይ ስትደርሱ «ዝለል» ወይም «ጠብቅ» ይላል። ሻዶው ወደኋላ ቀርቷል። አምስት ሰከንድ እስኪቀር ከጠበቃችሁት ይመጣል። ከዘለላችሁ ለዘላለም የለም። እኔ መጀመሪያ ዘለልኩ። ለገንዘብ የሚዋጋ ሰው ነው፤ በፊትም አንዳንዴ ከጦርነት በኋላ ጥሎን ይሄድ ነበር። ጌሙ ለእንዲህ ያለ ሰው ትጠብቃላችሁ ወይ ብሎ ይጠይቃል። የወንድሜ ልጅ ጠበቀች። ከሻዶው ጋር የሚሄደውን ውሻ ስለወደደችው ነው፤ ምክንያቱ ይኸው ነው፣ እኔም ተቀብየዋለሁ።

ከደሴቱ ስትወጡ ጌሙ የሚያስገድዳችሁ ሦስት ሰው ብቻ እንድትይዙ ነው፤ ሴሊስ፣ ኤድጋርና ሴትዘር። ሴትዘር አየር መርከቡን ከሰጣችሁ በኋላ በቀጥታ ወደ ኬፍካ ግንብ መብረር ትችላላችሁ። ሌሎቹ የትም ይሁኑ የት። ሴቢን ዜን ከተማ ውስጥ የሚፈርስ ቤት በትከሻው ደግፎ ቆሟል። ቴራ ወላጅ አልባ ልጆች ሰብስባ ሞብሊዝ ውስጥ ተቀምጣለች፤ መዋጋት አልችልም ትላለች። ሎክ የሞተች ፍቅረኛውን ሊያስነሳ ዋሻ ውስጥ ገብቷል። ጋውን አልብሳችሁ ወደ አባቱ ብትወስዱት አባትየው አያውቀውም። ይህን ሁሉ ሳያዩ ጌሙን መጨረስ ይቻላል። ካርታ ላይ ምልክት የለም፣ ሽልማት የሚያስታውቅ ጽሑፍ የለም። የምትፈልጓቸው ስለናፈቋችሁ ብቻ ነው። ሁሉንም ካገኛችሁ ግን መጨረሻው ላይ ያ 20 ደቂቃ ገደማ የሚፈጀው ሙዚቃ የየሰዉን ዜማ በየተራ ይጠራል። የጎደለ ካለ ታውቁታላችሁ።

እኛ አሁን ዘጠኝ ሰው አግኝተናል። ሳያንን ትናንት ከዞዞ ተራራ አወረድነው። ዛሬ ማታ የወንድሜ ልጅ ቡድኗን ስታዋቅር አየኋት። የመጀመሪያው ቦታ ላይ ሳያንን አስገባች። ቀጥሎ ሴቢንን።

«ለምን እሱን?» አልኳት።

«ባቡሩ ላይ አብሮት ነበራ» አለች።

ከዚያ ሴሊስን ጨመረችና አየር መርከቡን ዶማ አጠገብ አሳረፈች። ማንም አልነገራትም። የሳያን ቤት እንዴት እንደሆነ ማየት ፈልጌ ነው አለች። መንገድ ላይ ሁለት ጊዜ ጠላት ገጠመን። ሁለቱንም ጊዜ መስመሩ 4 እስኪደርስ ጠበቀችው፤ ሴቢን እየተደበደበም ጠበቀችው። ግንቡ በር ላይ ስንደርስ ሰዓቱ ለአራት ሩብ ጉዳይ ነበር። መብራት አንዴ ብልጭ ብሎ ተመለሰ።

«መጀመሪያ ሴቭ አድርጊ» አልኳት።